መኪና ሲለወጥ ዋስትናውና የመንገድ ፈቃዱ ምን ይሆናሉ?

በሰሜን ምዕራብ ስቶክሆልም በምትገኘው ሁስቢ የሚኖር አንድ ሾፌር ዋስትና ያለው መኪና ገዛ እንበል። ከዓመት በኋላ ጎማውን በትልቅ ጎማ ቀየረ፤ የፊት የጎን መስታወቶቹን በስስ ላስቲክ አጠቆረ፤ ሞተሩ ጉልበት እንዲጨምርም የመኪናውን ኮምፒውተር አስነካ። ብዙ ሳይቆይ ካምቢዮው ተበላሸ። ሻጩ «መኪናው ስለተለወጠ ዋስትናው ፈርሷል» አለው። በዚያው ሰሞን ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ መኪናው እንዳይነዳ አገደው።

ሾፌሩ ሁለቱን ክልከላዎች የአንድ ጥፋት ቅጣት አድርጎ ሊመለከታቸው ይችላል። ነገር ግን አንዱ ከሌላው አይወለድም። ዋስትና በገዢና በአምራች ወይም በሻጭ መካከል ያለ ውል ነው፤ የመንገድ ፈቃድ ደግሞ በባለንብረቱና በመንግሥት መካከል ያለ ጉዳይ ነው። አንድ ለውጥ በሕግ ተፈቅዶ ዋስትናን ሊያሳጣ፣ ዋስትናን ሳይነካም ሕግን ሊጥስ ይችላል።

የሞተሩ ኮምፒውተር ሲነካ

በዘመናዊ ሞተር የሚረጨውን ነዳጅ መጠንና የቱርቦውን ግፊት የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። አምራቾች ሞተሩ ሊሰጥ የሚችለውን ጉልበት ሁሉ አይጠቀሙበትም። ለሙቀት፣ ለነዳጅ ጥራት መለያየትና ለእርጅና የሚሆን መጠባበቂያ ይተዋሉ። ኮምፒውተሩን አስነክቶ ጉልበት መጨመር ማለት ከዚህ መጠባበቂያ መውሰድ ማለት ነው። የመዞር ጉልበቱ ሲያድግ ጫናው ወደ ፍሪሲዮንና ወደ ካምቢዮ ይተላለፋል፤ እነዚህ ክፍሎች ግን የተሠሩት ለቀድሞው ጉልበት ነው። የፋብሪካውን ፕሮግራም መልሶ መጫንም ሁልጊዜ አሻራውን አያጠፋም፤ ብዙ ኮምፒውተሮች እንደገና መጻፋቸውን መዝግበው ያስቀምጣሉ።

ስለዚህ በምሳሌያችን ሻጩ ስለ ካምቢዮው የሚያቀርበው ክርክር ክብደት አለው። የተበላሸው የመቀመጫ ማሞቂያ ቢሆን ኖሮ ግን የሞተሩ ጉልበት መጨመር ምክንያት ነው ለማለት ያስቸግረው ነበር። ዋናው ጥያቄ «ለውጡ ብልሽቱን አምጥቷል ወይ?» የሚለው ነው።

ዋስትናና የቅሬታ መብት

በስዊድን ብዙዎች የሚያምታቷቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ዋስትና አምራቹ ወይም ሻጩ በፈቃዱ የሚገባው ቃል ሲሆን ገደቡም በዋስትና ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። የቅሬታ መብት፣ በስዊድንኛ «ሬክላማሾንስሬት» የሚባለው፣ ግን በሕግ የተሰጠ ነው። ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የሸማቾች ግዢ ሕግ መሠረት ገዢው ዕቃውን ከተረከበ በኋላ እስከ 3 ዓመት ድረስ ከመጀመሪያው ለነበረ ጉድለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ጉድለቱ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ከታየ በመርኅ ደረጃ ከርክክቡ በፊት እንደነበረ ይገመታል፤ ይህ አይደለም የሚል ሻጭ ማስረዳት አለበት። መኪናውን መለወጥ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ለሻጩ ማስረጃ ያቀብለዋል።

ሻጩ እምቢ ካለ ሸማቹ ጉዳዩን «አርን» በሚል ምህጻር ለሚታወቀው ብሔራዊ የሸማቾች ቅሬታ ቦርድ ያለ ክፍያ ማቅረብ ይችላል። የቦርዱ ውሳኔ ግን የውሳኔ ሐሳብ እንጂ የፍርድ ቤት ፍርድ አይደለም። ይህ ሕግ የሚያገለግለው ለግል ጉዳዩ ከነጋዴ ለገዛ ሰው መሆኑንም ማስተዋል ይገባል። መኪናውን ለታክሲ ሥራ በድርጅቱ ስም የገዛ ሾፌር እንደ ሸማች አይቆጠርም፤ እርሱ የሚተማመነው በውሉና በዋስትና ደብተሩ ነው።

በሌላ ጋራዥ ማሠራትና መኪና መለወጥም አንድ አይደሉም። የአውሮፓ ኅብረት የውድድር ደንቦች አምራቾች መደበኛ ሰርቪስ በራሳቸው ወኪል ጋራዥ ብቻ እንዲደረግ የዋስትና ቅድመ ሁኔታ እንዳያደርጉ ይገድባሉ። ሥራው በአምራቹ መመሪያ መሠረት መከናወኑን የሚያሳይ ደረሰኝ መያዝ ግን ብልህነት ነው።

መንገዱ የሚጠይቀው

የጎማው ለውጥ በቁጥር ሊታይ ይችላል። 205/55 አር 16 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ቁመቱ 632 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ215/65 አር 16 ቢተካ ቁመቱ 686 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀትም በ8.5 ከመቶ ያድጋል። ቀድሞ ትክክል የነበረ የፍጥነት መቁጠሪያ 100 ሲያሳይ መኪናው 108.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበራል ማለት ነው። ደንቡ ግን መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዲያሳይ አይፈቅድም።

መስታወቱም እንዲሁ ነው። በሾፌሩ ግራና ቀኝ ያሉት የፊት መስታወቶች ቢያንስ 70 ከመቶ ብርሃን ማሳለፍ አለባቸው። 75 ከመቶ በሚያሳልፍ መስታወት ላይ 80 ከመቶ የሚያሳልፍ ላስቲክ ቢለጠፍ የሚያልፈው ብርሃን 60 ከመቶ ብቻ ነው። በስቶክሆልም የክረምት ጨለማ በእግረኛ መሻገሪያ ላይ ያለን ሕፃን ለማየት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የናፍጣ ጥላሸት ማጣሪያን ማውጣት ደግሞ መኪናው ሲፈቀድ የተለካበትን የጭስ መጠን ያፈርሳል። የቮልስዋገን ቅሌት በ2015 ሲጋለጥ ዓለም እንደተማረው፣ የጭስ ሕግን ለመጣስ ብረት መቁረጥ አያስፈልግም፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ ይበቃል።

የስዊድን ሕግ ለውጥን በጅምላ አይከለክልም፤ የሚጠይቀው እንዲረጋገጥ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የ15 ዓመት ወጣቶች የሚነዱት «አ-ትራክቶር» ነው። መኪናው ተለውጦ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ይገደባል፤ ተመርምሮም በትራክተርነት ይመዘገባል። ገደቡ ሲነሳ ግን ሕጋዊነቱም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ በሌሎች መኪኖችም ላይ መሠረታዊ ለውጥ ሲደረግ ከተለመደው በሲክትኒንግ ውጭ የምዝገባ ምርመራ ያስፈልጋል። የቤት መኪና የመጀመሪያው መደበኛ ምርመራ ከ36 ወር፣ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ባሉት 24 ወራት፣ ቀጣዮቹም በየ14 ወሩ ሳይዘገዩ መደረግ አለባቸው። በመካከሉ ፖሊስ መንገድ ላይ መርምሮ መኪናውን ማገድ ይችላል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ተመልካቾችም ልዩነቱ ተመሳሳይ ነው። የ1975ቱ የማግኑሰን ሞስ ሕግ አምራቹ የሌላ ድርጅት ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋስትናን እንዳይሰርዝ ይከለክላል። የንጹሕ አየር ሕግ ግን የጭስ መቆጣጠሪያን መንቀል ይከለክላል። በኢትዮጵያም ዋስትና የሌለው አሮጌ መኪና ቢሆን ቦሎ ለማግኘት በየዓመቱ ይመረመራል።

እንግዲህ መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው፦ የዋስትና ደብተሩ ስለዚህ ለውጥ ምን ይላል? የምዝገባ ምርመራ ያስፈልገዋል? ኢንሹራንሱስ ያውቃል? መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል። ለኢንሹራንስ ያልተነገረ ለውጥ የአደጋ ቀን ካሳን ሊያስቀንስ ይችላልና። የሁስቢው ሾፌር መስታወቱን በአንድ ከሰዓት ሊመልሰው ይችላል፤ ካምቢዮውን ግን ከኪሱ መክፈል ሊኖርበት ነው።