ከፍጥነት በፊት፤ የቮልስ ዋገን ሞተር አጠባበቅ

አሮጌ ቮልስ ያገኘ ተማሪ ወዲያው እንደ ስፖርት መኪና ሊያስሮጣት ያስባል። ይሁን እንጂ የመጨረሻይቱ ቮልስ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ስለ ተሠራች፣ አስቀድሞ ሞተሩን መጠበቅ ይገባል። ለዚህም የልደታ ኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያና ጥቂት መሣሪያ ይበቃሉ።

አንደኛ፤ ቺንጋውን መርምሩ። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው፤ ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረውም ያው አንድ ቺንጋ ነው። በጉዞ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ቢበራ ወዲያው ቁሙ፤ «ቤት ልድረስ» ማለት ሞተር ያስከፍላል።

ሁለተኛ፤ የቫልቩን ክፍተት ማለዳ፣ ሞተሩ ፈጽሞ ሳይሞቅ ለኩ። በ1600ው ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፤ ይቃጠላል።

ሦስተኛ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሯ ስስ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። የቤንዚኑ ማሳለፊያ ቀዳዳ በትንሹ ቢጠብ ይሻላል። ነገር ግን ወደ አዋሽ የሚወርድ ሰው የቀድሞውን ይመልስ፤ በቆላ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከልክ በላይ ይግላልና።

በመጨረሻም፣ በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ማንም አይግባ። መኪና ይጠገናል፤ ሰው ግን መለዋወጫ የለውም።