ስለ መጋዘን በር በኤሌክትሪክ አጠባበቅ
ለአገር አስተዳዳሪዎች፤ ለእርሻ ባለቤቶችና ለወረዳ ሹማምንት የቀረበ ትምህርት

ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ያገባው እህል በአንድ ሌሊት ከመጋዘን ቢጠፋ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የአገር ነው። ጋምቤላ ከተቆረቆረች ጀምሮ መጋዘን ያላት ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል፤ በባሮ ወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፤ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ስፍራ ተፈቀደ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም እየመጣ ቡና ይጭን ነበር። ውኃው ሲጎድል ግን መርከብ ስለማይደርስ፤ ሳይጫን የቀረው ዕቃ በመጋዘን ተጠብቆ ይቆይ ነበር።

የብረት ቁልፍ ሁለት ጉድለት አለበት። ሌላ ሰው አስመስሎ ሊያሠራው ይችላል፤ በሩንም ማን እንደ ከፈተው አይናገርም። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ስፍራ በሩን በኤሌክትሪክ ማስጠበቅ ተለምዷል። መሣሪያውም አራት ክፍል አለው።

አንደኛው ካርድ ነው። ባትሪ የለውም፤ በውስጡ የቀጭን ሽቦ ጥምጥምና ቁጥር የያዘች ትንሽ ቅንጣት አለች።

ሁለተኛው አንባቢ ነው። በበሩ አጠገብ ተለጥፎ የማይታይ የሬዲዮ ሞገድ ይሰጣል፤ ሞገዱ በብዙዎቹ ዘንድ በሴኮንድ 125 ሺህ ጊዜ ይወዛወዛል። ካርዱ ሲቀርብ ከዚያ ሞገድ ኃይል አግኝቶ ቁጥሩን ያስታውቃል።

ሦስተኛው መቆጣጠሪያ ነው። ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋራ አስተያይቶ ይግባ ወይም አይግባ ብሎ ይፈርዳል፤ ሰዓቱንም ይጽፋል። ይህ ዕቃ ከውጭ ከተሰቀለ ሌባ ሽቦውን አገናኝቶ በሩን ሊከፍት ስለሚችል፤ በውስጥ በኩል፤ ጎርፍና ዝናብ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ።

አራተኛው መዝጊያው ነው። በማግኔት የሚይዘው መዝጊያ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይለቃል። ሌላው ዓይነት ግን ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም እንደ ተዘጋ ይቆያል። ለእህል መጋዘን ሁለተኛው ይሻላል፤ ነገር ግን እሳት ቢነሣ ሠራተኛ እንዳይታገት፤ ከውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚከፈት መሆኑን መርምሮ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። መቆጣጠሪያውም መጠባበቂያ ባትሪ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ በሩ የሚያውቀው ካርዱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። የመጋዘን ሹም ካርዱን ለዘመዱ ቢያውስ መዝገቡ በሐሰት ይመሰክራል። ከሥራ የተሰናበተ ጸሐፊ ቁጥሩ ካልተሰረዘ ቁልፍ በእጁ እንዳለ ይቆጠራል። ካርድ ሲጠፋ ግን እንደ ብረት ቁልፍ መዝጊያ መለወጥ አያስፈልግም፤ አንድ ቁጥር መሰረዝ ይበቃል። ደግሞም የቀድሞዎቹ ካርዶች ቁጥራቸውን ለጠየቀ አንባቢ ሁሉ ስለሚሰጡ በቀላሉ ይገለበጣሉ፤ የሚገዛ ሰው ምሥጢር የሚጠብቀውን ካርድ ይምረጥ።

በመጨረሻም በሩ የገባውን ይጽፋል እንጂ የወጣውን ኩንታል አይቆጥርም። ስለዚህ ሹም የሆነ ሁሉ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ካርድ ይስጥ፤ የተሰናበተውን በዚያው ቀን ይሰርዝ፤ በየወሩም የበሩን መዝገብ ከእህሉ ቆጠራ ጋራ ያስተያይ። ይህ ካልተደረገ የተከፈለው ገንዘብ ከንቱ ነው፤ ከተደረገ ግን ሌባው ይታወቃል፤ ታማኙም ሠራተኛ ከሐሜት ይድናል።