የበረሃ ኮረብታ እንዴት ይወጣል? እንዴትስ ይወረዳል?

በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን በከተማችን በድሬዳዋ ዙሪያ እንዳሉት ያለ ደረቅ ኮረብታ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወረድ እንማራለን። “አቦ፣ ኮረብታ መውጣት ደግሞ ትምህርት ነው እንዴ?” የምትሉ አትጠፉም። እኔም እንደዛ ነበር የምለው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከአጎቴ ልጅና ከአንድ ጓደኛችን ጋር ከሰፈራችን ጀርባ ያለውን ኮረብታ ልንወጣ ተነሳን። ከቤት የወጣነው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ውሃችን ለሦስት ሰው አንድ ትንሽ ሃይላንድ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ አለቀ። ጫፉ ቅርብ ስለመሰለን “ትንሽ ነው የቀረን” እየተባባልን ቀጠልን። ልንደርስ ስንል የአጎቴን ልጅ ራሱን አዞረውና ተቀመጠ። ስንጠይቀው የማይገናኝ ነገር ይመልሳል። በጣም ደነገጥን። ደግነቱ ፍየሎቻቸውን ከግራር ሥር ያሳረፉ አንድ አዛውንት አይተውን መጡ። ደግፈን ጥላ ውስጥ አስገባነው። ከጄሪካናቸው ውሃ አውጥተው ራሱንና ደረቱን አራሱለት፤ መለስ ሲልለት ደግሞ ጥቂት በጥቂት አጠጡት። ከዚያ በኦሮምኛ፣ “በዚህ ሰዓት ፍየል እንኳ ጥላ ትፈልጋለች፤ እናንተ ወዴት ነው?” አሉን። መልስ አልነበረንም።

ስህተታችን ምን ነበር? አንድ በአንድ እንየው።

1ኛ. የኮረብታው ማነስ አታለለን። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ሒሳቡን እንሥራው፦ ኮረብታው 200 ሜትር ቢሆን የሚቀንሰው 1.3 ዲግሪ ብቻ ነው። ከታች 34 ከሆነ ጫፉ ላይ 32.7 ነው ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ተራራ ያደክማል እንጂ አያቀዘቅዝም። በአፋር የሚገኘው ኤርታሌ ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ጎብኚዎች ሙቀቱን ለመሸሽ በአብዛኛው የሚወጡት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ተነስተን፣ ፀሐይ ሳትበረታ እስከ 3 ሰዓት ብንመለስ ጥሩ ነው።

2ኛ. ላባችንን አላየነውም። በደረቅ አየር ላብ ወዲያው ስለሚተን ቆዳ ደረቅ ይመስላል፤ ሰውነት ግን ውሃ እያጣ ነው። በሙቀት ሽቅብ የሚሄድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። ግማሹ ውሃ ለመመለሻ ነው! ግማሹ ካለቀ ጫፉ ቢታይም ባይታይም እንመለስ።

3ኛ. መቧጠጥ አናውቅም ነበር። ቀጥ ያለ ድንጋይ ላይ ሁለት እጅና ሁለት እግር አለን፤ ከአራቱ ሦስቱ ሁልጊዜ ድንጋይ መያዝ አለባቸው። የሚንቀሳቀሰው አንዱ ብቻ ነው። የበረሃ ድንጋይ በቀን ሙቀትና በሌሊት ቅዝቃዜ ስለሚሰነጣጠቅ፣ ክብደታችንን ሳንጥልበት እንነቅንቀው። ዓይናችን ያላየው ጉድጓድ ውስጥ እጅ አናስገባ፤ እባብ ወይም ጊንጥ ሊኖር ይችላል። አንዱ ከሌላው ሥር በቀጥታ አይቁም፤ ድንጋይ ከተንከባለለም “ድንጋይ!” ብለን እንጩህ።

4ኛ. መውረዱን ረሳነው። ስንወጣ መርገጫው ከፊታችን ነው፤ ስንወርድ ግን አይታይም፣ ጉልበትም ይዝላል። መውረድ የማንችለውን ቦታ አንውጣ። በአሸዋማው ደረቅ ወንዝ በኩል ማቋረጥም ደመና ባለበት ቀን አደገኛ ነው። እኛ ጋ ባይዘንብም ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ወላጆቻችን አይረሱትም።

ጓደኛችሁን ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ወዲያው ጥላ ውስጥ አሳርፉት፣ ውሃ ስጡት፣ ከዚያ ውረዱ። ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ከወደቀ ግን ልብሱን አላሉ፣ ሰውነቱን በውሃ አርሳችሁ አራግቡለት፣ ትልቅ ሰው ጥሩና ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አይሰጥም።

የአጎቴ ልጅ ዛሬ ደህና ነው። ዘንድሮ በጥር ከአባቴ ጋር ሆነን፣ እያንዳንዳችን ሁለት ሊትር ይዘን ያንኑ ኮረብታ በማለዳ ወጣነው። ጫፉ ላይ ባቡር ጣቢያውን፣ ከዚራን፣ ትምህርት ቤታችንንም አየን። እነዚያን አዛውንት ግን አላገኘናቸውም፤ ልናመሰግናቸው አስበን ነበር። “ትንሽ ነው የቀረን” ብሎ መቀጠል ጀግንነት አይደለም፤ “እንመለስ” ማለትም ፈሪነት አይደለም።

ራሳችሁን ፈትኑ፦
ሀ. ከታች 36 ዲግሪ ቢሆን፣ 400 ሜትር ከፍ ያለ ኮረብታ ጫፍ ላይ ስንት ይሆናል?
ለ. ሦስት ልጆች ለ3 ሰዓት ጉዞ፣ በሰዓት ግማሽ ሊትር ቢታሰብ፣ ቢያንስ ስንት ሊትር ይይዛሉ?
መልሱን በሚቀጥለው እትም ይጠብቁ።

አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ ከ8ኛ ክፍል