የሕፃናት ሆድ ድርቀት መንስኤዎች

መካነ ሰላም ለተግባር ልምምድ በወጣሁ ጊዜ አንዲት እናት የሁለት ወር ልጇን ታቅፋ «ዶክተር፣ አምስት ቀን ሙሉ አልወጣለትም፤ የተልባ ውኃ ላጠጣው?» አለችኝ። እኔም ድርቀት ነው ልል ምንም አልቀረኝም። ግን ልጁ ጡት ብቻ ይጠባል፣ ሆዱ አልተነፋም፣ ክብደቱም ጨምሯል። የእናት ጡት ወተት ትራፊው ጥቂት ስለሆነ እንዲህ ያለ ሕፃን ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል። ድርቀት የሚባለው ሰገራው እንደ ፍየል በጠጥ ሲጠጥር ነው።

ዋና ዋና መንስኤዎቹ የላም ወተት ያለጊዜው መስጠት፣ የዱቄት ወተት አወፍሮ መበጥበጥ፣ ከ6 ወር በኋላ ምግብ ሲጀመር ደግሞ የፈሳሽ ማነስ ናቸው። በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ሰገራ ያልወጣለት፣ ሆዱ የተነፋ ወይም አረንጓዴ የሚያስመልሰው ሕፃን ግን የአንጀት ችግር ሊኖርበት ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ይላክ።

እናቲቱን «እህቴ፣ ጡትሽ ይበቃዋል» አልኳት። እንግዲህ መድኃኒት ከማዘዛችን በፊት «ምን ይመገባል? ሰገራውስ ምን ይመስላል?» ብለን እንጠይቅ።