ከበሩ የማያልፈው ጋዋን

«ይድረስ ለምክር አምድ። ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ ዘንድሮ ደሴ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ክፍሌ 68 ተማሪ አለው። ፊቴን ወደ ሰሌዳው ሳዞር ያፏጫሉ፤ ጠመኔ ይወራወራሉ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ድምፄን እያስመሰለ ክፍሉን ያስቃል። አስወጣሁት፤ አንበረከክሁት፤ ወላጅ አምጣ አልኩት፤ ማርክ እቀንሳለሁ ብዬም አስፈራራሁ። ዝም የሚሉት ዩኒት ሊደሩ ሲገባ ብቻ ነው። ጓደኞቼ ባንክ ገብተዋል። እኔ ከግቢው በር ሳልወጣ ጋዋኔን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ፤ አከራዬም ቢሮ የምሠራ ነው የሚመስላቸው። ለማንኛውም፣ ክፍል ዝም የማሰኛ ዘዴ ካለ ንገሪኝ።
ግራ የገባኝ፣ ከደሴ»

ግራ የገባሽ፤

ስለ ፉጨቱ፣ ስለ ጠመኔው፣ ስለዚያ ልጅ ብዙ ጻፍሽ። ስለ ጋዋኑ አንድ መስመር ብቻ ጣል አደረግሽና «ለማንኛውም» ብለሽ አለፍሽ። እኔ እዚያው መስመር ላይ ቀረሁ። ስለዚህ የጠየቅሽኝን ትቼ ያልጠየቅሽኝን ልመልስልሽ ነው፤ ከተቀየምሽኝም ምን አደርጋለሁ።

መጀመሪያ አከራይሽ። ያውቃሉ። አከራይ የማያውቀው ተከራይ የለም። እያመሸሽ የምታርሚውን የፈተና ወረቀት ክምር አይተዋል። እጅጌሽ ላይ የቀረውን የጠመኔ ብናኝም አይተዋል። በዚያ ላይ 68 ልጅ ማለት 68 ቤት ነው፤ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ካለው ቤት ሁሉ አንዷ የተማሪሽ እናት ከእሳቸው ጋር ቡና ሳትጠጣ ትቀራለች ብለሽ ነው? ዝም ያሉሽ እንዳትሸማቀቂ ብለው ነው። በዚህ ምስጢር የተሸወድሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ልጆቹም ያውቃሉ። ትምህርት ሲለቀቅ የትም አይሄዱም፤ በሩ አካባቢ ተኮልኩለው ነው የሚያወሩት። መምህርታቸው ግራ ቀኝ አየት አድርጋ ጋዋኗን ስታወልቅ፣ አጣጥፋም ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ያያሉ። የስምንተኛ ክፍል ልጅ የፓይታጎረስ ቲዎረም ላይገባው ይችላል። ማን በምን እንደሚያፍር ግን ከአንቺም ከእኔም ቀድሞ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ራሱ በተቀደደ ጫማው፣ በእናቱ ሥራ፣ መጎርነን በጀመረ ድምፁ ሲሸማቀቅ የሚውልበት ዕድሜ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆመሽ «ሒሳብ ለወደፊት ሕይወታችሁ ወሳኝ ነው» ስትያቸው ይስቃሉ። እኔም ብሆን እስቃለሁ። ሒሳብ የተማረችው ሴት በሒሳቧ የደረሰችበትን ቦታ ስትደብቅ ትናንት አይተዋታላ!

ኀፍረቱን አንቺ አልፈጠርሽውም፤ ይህን አልክድም። «ሌላው ካልተሳካ መምህር ትሆኛለሽ» ሲባል እየሰማሽ ነው ያደግሽው። በ1997 ዓ.ም ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ትምህርቱን የሚሰጠው ቴሌቪዥኑ ሆነ፤ መምህሩ ከፍቶ ጥግ ይዞ የሚቆም ሰው መሰለ። ያኔ ዴስክ ላይ የነበሩት ዛሬ ወላጆች ናቸው፤ ስለ መምህር ያላቸውን ግምት ከዚያ ክፍል ይዘው እንደወጡ እጠረጥራለሁ። ደመወዙ ወር እንደማያደርስም አውቃለሁ። ለአንደኛ ደረጃ ክፍል ለዓመታት መለኪያ ሆኖ የኖረው 50 ተማሪ ነው፤ አንቺ 68 ይዘሽ ብታማርሪ አብሬሽ አማርራለሁ።

ማማረር ግን ማፈር አይደለም። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙት ደመወዝ አነሰን ብለው ነው፤ ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድም አንቀበልም ብለው ነው። መንግሥት ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። የእነሱም ኪስ ያው ነበር፤ አቤቱታቸውን ያቀረቡት ግን መምህር ነን ብለው ነው። አንቺም ደመወዜ አነሰ በይ፤ ክፍሉ ተጨናነቀ በይ፤ በማኅበርሽ ስብሰባ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪ። ሰው በሚያፍርበት ሥራ ግን መብቱን እንዴት አድርጎ ይጠይቃል?

ባንክ የገቡትን ጓደኞችሽን ምሳ ሰዓት ላይ ልብ ብለሽ አይተሻቸዋል? የመሥሪያ ቤት መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ነው ምግብ ቤት የሚገቡት። ማንም አውልቁት አላላቸውም፤ አንቺንም ማንም አላለሽም። ባንክ ከፈለግሽ ባንክ ግቢ፤ በሽሙጥ አይደለም የምልሽ። ማስተማር የማይወድ ሰው በጊዜ ሲለቅ ልጆቹም ይገላገላሉ። እኔን ያናደደኝ በየቀኑ በሩ ላይ ሥራ እየለቀቅሽ በማግስቱ ጠዋት እንደ አዲስ መቀጠርሽ ነው። በዚህ አኳኋን ከሠራሽ አሥር ዓመትም ብታስተምሪ አዲስ መምህርት ነሽ። ዩኒት ሊደሩ ሲገባ ዝም ማለታቸውን በቁመቱ ወይም በአርጩሜው አታሳብቢ፤ ሰውየው እዚያ ክፍል ውስጥ የቆመው ቦታው እንደሆነ አምኖ ነው።

ዘዴ ላልሽኝ፦ ማንበርከኩን ዛሬውኑ ተዪ፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል፤ ክፍለ ጊዜውን ሰሌዳ ላይ በጻፍሽው አንድ አጭር ጥያቄ ጀምሪ፤ የዚያን ልጅ ስም እወቂና በስሙ ጥሪው።

ለአከራይሽ ግን በዚህ ሳምንት ንገሪያቸው። ቡና ሲያፈሉ ጠብቀሽ፣ ጋዋንሽን እንደለበስሽ ግቢና የሒሳብ መምህርት ነኝ በያቸው። «አውቃለሁ ልጄ» ይሉሻል። ወዲያው ደግሞ የልጅ ልጄን አስጠኚልኝ ማለታቸው አይቀርም። እሺ በይ፤ በነፃ ግን እንዳታደርጊው፣ ከኪራዩ ላይ ይቀነስልኝ በያቸው።