ስለ ተማሪዎች አለቅነትና አገልግሎት

መማርና መምራት ከጥንት ጀምሮ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። በአብነት ትምህርት ቤት ንባቡን ያደላደለው ተማሪ ገና ፊደል የሚቆጥረውን ታናሹን ያስቀጽላል፤ መምህሩም የደቀ መዝሙሩን ብስለት ታናሹን በሚይዝበት ትዕግሥት ይመዝነዋል። በዩኒቨርስቲም የክፍል ተጠሪ፥ የክበብ ሰብሳቢ፥ የተማሪዎች ኅብረት መሪ እየተባለ ከእኩዮቹ መካከል የሚመረጥ አለ። እንግዲህ ይህ አለቅነት ለምን እንደሚሰጥ፥ ማንንስ መጥቀም እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

በአገራችን የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተመሠረተ። በ1957 ዓ.ም. የካቲት ወር ተማሪዎች መሬት ለአራሹ እንዲሰጥ ጠይቀው በአደባባይ ተሰለፉ። በዚያው ዓመት በተጀመረው የዩኒቨርስቲ አገልግሎትም ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር እየወረዱ፥ አብዛኞቹ በማስተማር፥ ሕዝቡን ማገልገል ጀመሩ። ስለ ጭሰኛው መጮኽና ከጭሰኛው ልጅ ጋር ሰሌዳ ፊት መቆም ሁለቱም ከአንድ ርኅራኄ የመነጩ ነበሩ።

ነገር ግን ርኅራኄ ያለ ትዕግሥት አይጸናም። በአንድ ሰልፍ ከተጓዙት ወጣቶች ብዙዎቹ ኋላ ኢሕአፓና መኢሶን ተብለው ተለያዩ፤ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በአንድ ወንበር የተማሩ ወንድማማቾች ደም ተፋሰሱ። ለድኻው ያላቸው ፍቅር ከልብ ነበር፤ በአሳብ የተለየውን ባልንጀራ መታገሥ ግን ጠፋ። ይህን የምናስታውሰው ሙታንን ለመውቀስ አይደለም፤ ሕያዋን እንዲማሩበት ነው።

በእኛም ዘመን ፈተናው በሌላ መልክ መጥቷል። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከበው ይገኛሉ። በ2006 ዓ.ም. እነዚህን ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር በአንድነት የሚያቅደው ማስተር ፕላን በተሰማ ጊዜ፥ ገበሬው ከመሬቱ ይነቀላል የሚል ሥጋት ተነሣ፤ በአምቦና በሌሎችም የኦሮሚያ ዩኒቨርስቲዎች ተማሪዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ ሕይወትም ጠፋ። ተቃውሞው በ2008 ዓ.ም. እንደ ገና ተነሥቶ በዚያው ዓመት በጥር ወር ፕላኑ መቅረቱ ተነገረ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በልዩ ልዩ ዩኒቨርስቲዎች ተማሪው በቋንቋና በትውልድ ተለይቶ ተጣላ፤ ልጆች ሞቱ፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ባሉት በእነዚህ ሦስት ከተሞች ኦሮምኛ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው ጎረቤታሞች ናቸው፤ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ። ልጆቻቸው ግን ወደ ሩቅ ዩኒቨርስቲ በተመደቡ ጊዜ፥ በአጥቢያቸው አብረው የኖሩት በመኝታ ቤትና በመመገቢያ አዳራሽ በየወገናቸው እንዲለዩ ይገፋፋሉ። ታዲያ የተመረጠው የተማሪ አለቃ በዚህ ጊዜ ምን ያድርግ?

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 የተጻፈውን እንመልከት። በኢየሩሳሌም ማኅበር ውስጥ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ምእመናን መበለቶቻቸው በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ስለ ተረሱባቸው በዕብራውያን ላይ አጉረመረሙ። የመጀመሪያይቱን ቤተ ክርስቲያን የገጠማት ክርክር በቋንቋ በተለዩ ወገኖች መካከል ስለ እንጀራ የተነሣ ነበር። ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንማራለን።

አንደኛ፥ ሐዋርያት አቤቱታውን አልናቁትም፤ ያጉረመረሙትንም አንድነት አፍራሾች ናችሁ አላሏቸውም። ሁለተኛ፥ ራሳቸው ከመምረጥ ይልቅ ማኅበሩ በመልካም የተመሰከረላቸውን፥ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። ሦስተኛ፥ የተመረጡት ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ ድረስ ሁሉም የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። ስለዚህ የማዕዱ አደራ ተበደልን ላሉት ቅርብ በሆኑ ሰዎች እጅ ገባ፤ እነርሱም ለግሪኩም ለዕብራዊውም መበለት እንዲያድሉ ታመኑ። የአለቅነት ሚዛን ይህ ነው፦ የወገኑ ያልሆነው ሰው ድርሻውን በእጁ አምኖ ሊተውለት ይችላልን?

ይህን ሚዛን በተማሪ ዘመኑ ያሳየ አባትም አለን። በአራተኛው መቶ ዓመት በአቴና ከተማ አዲስ የመጣውን ተማሪ ነባሮቹ ይዘው ያላግጡበት፥ በአደባባይም አሰልፈው ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱት ነበር። ቀድሞ የገባው ጎርጎርዮስ ባልንጀሮቹን ለምኖ አዲስ መጤው ባስልዮስ ከዚህ ውርደት እንዲድን አደረገ፤ ወዳጅነታቸውም ከዚያ በኋላ ጸና። ባስልዮስም ኋላ በቂሳርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ለድኆችና ለሕሙማን ማረፊያ ሠራ። እንግዳን ከዘበት ማዳን ትንሽ ሥራ ቢመስልም፥ ፍሬው ግን ታላቅ ነው።

ስለዚህ የተማሪ መሪ ሆይ፥ የሌሊት ወሬ በስልክ በደረሰህ ጊዜ እውነቱን ሳታጣራ አታስተላልፍ፤ የሚፈራው ተማሪ ቋንቋው ምንም ቢሆን ወደ አንተ ሊሸሽ እንዲችል ደጅህን ክፈት። የበደል አቤቱታ ቢኖር በግልጽ አቅርበው እንጂ በድንጋይ እንዲገለጥ አትተወው። በሰበታ መርሐ ዕውራን ተምሮ ወደ ዩኒቨርስቲ የገባ ዓይነ ስውር ወንድም መጽሐፉን የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል፤ በሳምንት አንድ ሰዓት አንብብለት፥ ሌሎችንም አስተባብርለት። ስብሰባ ከመጥራት በፊት እንዲህ ያለውን አገልግሎት የለመደ ሰው፥ በጭንቅ ቀን ቃሉ ይሰማል።

እናንተም በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ያላችሁ ካህናትና ወላጆች፥ ልጃችሁን ስትሸኙ ስንቅና ልብስ ብቻ አታስይዙት። የንስሐ አባት ከመንገዱ በፊት ይምከሩት፤ ከሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ጎረቤት ልጅ ጋር አብራችሁ መርቁት። በቤቱ ጎረቤትን መስደብ ሲሰማ ያደገ ልጅ በዩኒቨርስቲ አስታራቂ እንዲሆን መጠበቅ ያልዘሩትን ማጨድ ነው። እናት በመንፈቅ መጨረሻ በበር ቆማ የምትጠብቀው ልጇን በደኅና ነው፤ ያንን ልጅ በሩቅ አገር በሌሊት የሚጠብቅላት ግን ምናልባት ቋንቋዋን የማያውቅ የሌላ እናት ልጅ ይሆናል። እንግዲህ ለልጃችን የምንመኘውን ጠባቂ በልጃችን ውስጥ እናሳድግ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።