መሠረታዊ የዴንማርክኛ ሰዋስው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጀማሪዎች፦ የስም እሙርነትና የግሥ ስፍራ

አጽሕሮተ ጥናት

እንግሊዝኛና ዴንማርክኛ ከአንድ የጀርማናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ የወጡ በመሆናቸው ብዙ ቃላትን ይጋራሉ። ይህ ዝምድና ጀማሪውን የሚረዳውን ያህል ሊያዘናጋውም ይችላል። ይህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ጀማሪ ዋና ችግር በሁለት ሰዋስዋዊ ነጥቦች ላይ እንደሚያርፍ ያሳያል፤ እነሱም የስም ጾታና እሙርነት እንዲሁም ግሥ በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዘው ስፍራ ናቸው። በመጨረሻም የትምህርቱ ቅደም ተከተል በእነዚህ ነጥቦች ላይ እንዲመሠረት ሐሳብ ያቀርባል።

1. መግቢያ

አንድን የአውሮፓ ቋንቋ መማር የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚገጥመው የግሥ እርባታ ሰንጠረዥ ነው። በዴንማርክኛ ግን ይህ ክፍል ቀላል ነው። ግሡ በመደብም ሆነ በቁጥር አይለወጥም። «ስፒሰር» (ይበላል) የሚለው ግሥ ባለቤቱ እኔ፣ አንተ፣ እሷ ወይም እነሱ ቢሆን ያው ነው፤ ያለፈ ጊዜውም ለሁሉም «ስፒስተ» ይባላል። እንግሊዝኛ እንኳ በሦስተኛ መደብ ነጠላ የሚጨምረው ድምፅ በዴንማርክኛ የለም። ጥያቄና አሉታ ለመመሥረትም እንደ እንግሊዝኛው ረዳት ግሥ መጨመር አያስፈልግም። ስለዚህ ረጅም የትምህርት ጊዜ የሚሹት ክፍሎች ሌሎች ናቸው። ከዚህ በታች የዴንማርክኛ ቃላት የተጻፉት በመደበኛ አጻጻፋቸው ላይ ተመሥርቶ ነው፤ አነባበባቸው ከአጻጻፋቸው ስለሚርቅ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

2. ጾታና እሙርነት

የዴንማርክኛ ስሞች በሁለት ጾታ ይመደባሉ፤ አንደኛው የጋራ ጾታ፣ ሁለተኛው ግዑዝ ጾታ ነው። ኢእሙር ስም በፊቱ «ኤን» ወይም «ኤት» የሚል መስተአምር ይወስዳል። ለምሳሌ «ኤን ቢል» (አንድ መኪና)፣ «ኤት ሁስ» (አንድ ቤት) ይባላል። ስሙ እሙር ሲሆን ግን ምልክቱ ከስሙ መጨረሻ ላይ ይቀጠላል፤ «ቢለን» (መኪናው)፣ «ሁሰት» (ቤቱ) እንደሚባለው ማለት ነው። በብዙ ቁጥር «ቢለር» (መኪኖች) «ቢለርነ» (መኪኖቹ)፣ «ሁሰ» (ቤቶች) ደግሞ «ሁሰነ» (ቤቶቹ) ይሆናል።

በእንግሊዝኛ የእሙርነት ምልክት ከስሙ ተለይቶ በፊቱ ስለሚቆም ቅጥያው ለጀማሪው እንግዳ ይሆንበታል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን «ቤት» እና «ቤቱ» የሚለው ልዩነት ከልጅነት ጀምሮ የሚታወቅ ነው። በዚህ ነጥብ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለዴንማርክኛ ይቀርባል።

የስሙን ጾታ ከቅርጹ ወይም ከትርጉሙ መገመት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ከዚህም በላይ የጾታ ለውጥ የቃሉን ትርጉም የሚለውጥበት ጊዜ አለ። «ኤን አርክ» እንደ ኖኅ መርከብ ያለ መርከብ ሲሆን «ኤት አርክ» አንድ ሉክ ወረቀት ነው። ስለዚህ ተማሪው ስሙን ብቻውን ሳይሆን ከነመስተአምሩ እንደ አንድ ቃል ማጥናት ይኖርበታል።

3. ቅጽል ሲጨመር

ስሙ ቅጽል ሲቀድመው የእሙርነት ቅጥያው ከስሙ ይወገዳል፤ በምትኩ ራሱን የቻለ መስተአምር ከቅጽሉ በፊት ይገባል። «ቢለን» የነበረው «ደን ስቶረ ቢል» (ትልቁ መኪና)፣ «ሁሰት» የነበረው «ደት ስቶረ ሁስ» (ትልቁ ቤት) ይሆናል። «ደን ስቶረ ቢለን» ማለት በዴንማርክኛ ስሕተት ነው። የቅርብ ዘመዱ ስዊድንኛ ግን ሁለቱንም ምልክቶች በአንድነት ይጠቀማል። አማርኛ ሦስተኛ መንገድ ይከተላል፤ «ትልቁ ቤት» ሲባል ቅጥያው ስሙን ትቶ ቅጽሉ ላይ ያርፋል። በዴንማርክ ውስጥም ቢሆን ሥርዓቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ በምዕራብ ዩትላንድ ቀበሌኛዎች መስተአምሩ ቅጽል በሌለበትም ከስሙ በፊት ይቆማል።

ኢእሙር በሆነ ሐረግ ቅጽሉ ራሱ ከስሙ ጾታ ጋር ይስማማል፤ «ኤን ስቶር ቢል»፣ «ኤት ስቶርት ሁስ» ይባላል። ቅጽሉ ማሰሪያ በሚሆንበት ጊዜም «ቢለን ኤር ስቶር» (መኪናው ትልቅ ነው)፣ «ሁሰት ኤር ስቶርት» (ቤቱ ትልቅ ነው) እያለ ይለያያል። እንግሊዝኛ ይህን ዓይነት ስምምነት ስለማያውቅ ተማሪው ይዘነጋዋል።

እንግዲህ የአንድ ስም ጾታ የሚወስናቸው ነገሮች ስድስት ይሆናሉ፤ ኢእሙሩን መስተአምር፣ የእሙርነት ቅጥያውን፣ ከስሙ በፊት የሚመጣውን ኢእሙር ቅጽል፣ ማሰሪያ የሆነውን ቅጽል፣ ራሱን የቻለውን መስተአምር እንዲሁም ስሙን የሚተካውን ተውላጠ ስም። ጾታውን በመጀመሪያው ቀን ያልያዘ ተማሪ በስድስቱም ቦታ ይሳሳታል። በብዙ ቁጥር ግን የመስተአምሩና የቅጽሉ የጾታ ልዩነት ይጠፋል፤ «ደ ስቶረ ቢለር»፣ «ደ ስቶረ ሁሰ» ይባላል።

4. የግሥ ስፍራ

በዴንማርክኛ ዋና ዓረፍተ ነገር የተዘማጅ ግሡ ስፍራ ሁለተኛው ነው። «ሁን ስፒሰር ፊስክ» (እሷ ዓሣ ትበላለች) የሚለው ከእንግሊዝኛው ቅደም ተከተል ጋር አንድ ነው። የጊዜ ተውሳከ ግሥ ሲቀድም ግን ልዩነቱ ይገለጣል። እንግሊዝኛ ባለቤቱን ከግሡ ፊት እንደያዘ ሲቀጥል ዴንማርክኛ «ኢ ዳግ ስፒሰር ሁን ፊስክ» (ዛሬ እሷ ዓሣ ትበላለች) ብሎ ባለቤቱን ከግሡ ኋላ ያደርገዋል። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ቃል ሳይሆን ሐረግ ነው፤ «ኢ ዳግ» ሁለት ቃል ቢሆንም አንድ ስፍራ ይይዛል። ተሳቢውም ሊቀድም ይችላል፤ «ፊስክ ስፒሰር ሁን ኢከ» ማለት «ዓሣ እንኳ አትበላም» እንደማለት ነው። ግሡ ራሱ ከቀደመ፣ «ስፒሰር ሁን ፊስክ» እንደሚለው፣ ጥያቄ ይሆናል።

በጥገኛ ዓረፍተ ነገር ሥርዓቱ ይለወጣል። በዋናው «ሁን ስፒሰር ኢከ ፊስክ» (እሷ ዓሣ አትበላም) ሲባል አፍራሹ «ኢከ» ግሡን ይከተላል፤ በጥገኛው ግን «ፎርዲ ሁን ኢከ ስፒሰር ፊስክ» (ዓሣ ስለማትበላ) ተብሎ ግሡን ይቀድማል። ይህን ሁሉ ፓውል ዲደሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው የዴንማርክኛ ሰዋስው መጽሐፍ ዓረፍተ ነገርን በተወሰኑ ስፍራዎች ከፋፍሎ በሰንጠረዥ አሳይቷል። ሰንጠረዡ ለጀማሪም ይጠቅማል፤ ተማሪው ደንብ ከመሸምደድ ይልቅ ባዶ ስፍራ እየሞላ ይለማመዳልና።

5. ማጠቃለያ

የሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የሚያሳስተው በሚመሳሰሉበት ቦታ ላይ ነው። ጀማሪው ለሳምንታት ባለቤት የሚቀድምባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ቢለማመድ ስሕተቱ አይታይም፤ ልማዱ ከጸና በኋላ ግን ማረም ይከብዳል። ስለሆነም መምህሩ ስምን ሁልጊዜ ከነመስተአምሩ ቢያስተምር፣ በጊዜ ተውሳከ ግሥ የሚጀምሩ ዓረፍተ ነገሮችን ከመጀመሪያው ሳምንት ቢያስገባ፣ ከዚያ ወደ ቅጽል፣ በመጨረሻም ወደ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ቢሻገር የተሻለ ይሆናል። የግሥ እርባታው ቀላል ስለሆነ ከእነዚህ ጋር እግረ መንገዱን ሊሰጥ ይችላል።